ኒያንደርታል እሳት ያነደደው ለጥብስ ብቻ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ኒያንደርታሎች (ዛሬ የጠፉት የጥንት የሰው ዘመዶች) እሳትን ለሙቀትና ለሥጋ ጥብስ ብቻ ተጠቀሙበት የሚለው ጽሑፋችሁ ትልቁን ነገር ዘሎታል።

በ2016 በኔዘርላንድስ፣ ሄግ አጠገብ ባለ የባሕር ዳርቻ አንዲት ትንሽ የባልጩት ስንጣሪ ተገኘች። ዕድሜዋ 50,000 ዓመት ገደማ ነው። አንድ ጎኗን ጥቁር ሙጫ ሸፍኖታል፤ መያዣዋ መሆኑ ነው። ይህ ሙጫ በርች ከሚባል የአውሮፓ ዛፍ ቅርፊት የሚወጣው በሙቀት ነው። ነበልባል ካገኘው ግን ቅርፊቱ ነዶ አመድ ይሆናል። ስለዚህ ሠሪው ኒያንደርታል እሳት መመጠን ያውቅ ነበር። (ጥብስም ልክ አለው፣ ለነገሩ።)

በፈረንሳይ የተገኙ የኒያንደርታል የድንጋይ መጥረቢያዎችም ፓይራይት (ሲመታ የእሳት ብልጭታ የሚሰጥ ማዕድን) የተመታባቸው የሚመስል ጭረት አላቸው። መሣሪያው ራሱ ክብሪት ነበር ማለት ነው።

እኛም ጋ አንዳንድ የጋሞ ቆዳ ፋቂዎች የድንጋይ መፋቂያቸውን ከእንጨት እጀታው የሚያጣብቁት እሳት ባለሰለሰው የዛፍ ሙጫ ነው። እንግዲያው በሚቀጥለው እትም ሥጋ የሚጠብሰውን ኒያንደርታል ተዉትና እጀታ ሲያጣብቅ ሳሉት። ከጎኑ የአንድ ጋሞ ሙያተኛን ፎቶ አውጡ፤ እጁና ሙጫው በቅርብ ይታዩ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ