ለሚወለደው ልጅ ሁለተኛ ስም

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባሕር ዳር ዝናቡ ገና አልለቀቀንም። ይህን ወረቀት ዘጌ ለሚመላለሰው የጀልባ ልጅ ሰጥቼዋለሁ፤ እጅዎ ላይ ያደርሰዋል። በስልክ ልነግርዎ ሞክሬ ነበር። ግማሹን ሳይሰሙኝ «እሺ፣ እሺ» ብለው ዘጉብኝ። ስለዚህ ያለ መነጽር እንዲያነቡት አጉልቼ ጻፍኩት።

ጉዳዩ የእህቴ ልጅ ስም ነው።

ብርሃነመስቀል ይባል ብለዋል፤ ተስማምተናል። ሐኪሞቹ ወንድ ነው ብለዋታል፣ ቀኑም መስቀል አካባቢ ነው። «ሳይወለድ ስም ይወጣል እንዴ?» ያሉት ጆሮዬ ላይ አለ። እኔም ብዙ ደስ አይለኝም፤ ቀኑ ቢያልፍና ለጥቅምት ቢመጣስ? ግን እህቴ ያለችበት፣ የአሜሪካው የሚኒሶታ አሠራር ሌላ ነው። እናቲቱ ከሆስፒታል ሳትወጣ የልደት ምዝገባ ፎርም ይመጣላታል። ያኔ ዘጌ ደውዬ ልጠይቅ ብትል፣ እርስዎና ስልክ ያው እንደምናውቀው ነው።

ፎርሙ ሦስት ቦታ አለው። መጀመሪያ የራስ ስም፣ መጨረሻ የቤተሰብ ስም፣ መሐል ላይ ደግሞ ሚድል ኔም የሚሉት፣ የመካከል ስም ማለት ነው። የፊተኛውን እርስዎ ሞልተውታል። የኋለኛው አማችዎ እዚያ የሚጠራበት ስም ነው፣ የአባቱ፣ ወልደጊዮርጊስ። ያከራከረን መሐሉ ነው።

እርስዎ «ምን ያከራክራል? መሐሉ የአባቱ ነዋ!» ብለዋል። እዚህ ቢሆን አዎ። እኛ ዘንድ የልጅ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ተከታትሎ ይሄዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ቢያስገባም ሰዉ በለመደው ቀጠለ። እዚያ ግን ሰው ሁሉ የሚጠራበት የቤተሰብ ስም መጨረሻ የተጻፈው ነው። ኃይሌ በ1993 ሲድኒ ላይ ሲያሸንፍ የውጭዎቹ «ገብረሥላሴ! ገብረሥላሴ!» እያሉ ሲጮሁ ትዝ ይልዎታል? ሯጩን ትተው አባቱን ነበር የሚጠሩት።

የእኛም አማች ስሙ ገብረሥላሴ መሆኑ ነው እንግዲህ። ብርሃነመስቀል ገብረሥላሴ ወልደጊዮርጊስ። በቅዳሴ ላይ ቢጠራ ያምራል። በእኛ ፊደል 22 ብቻ ነው፣ በእነሱ ግን 38 ይሆናል። ፓስፖርት ላይ ከታች ማሽን የሚያነበው መስመር አለ። በዚያ መስመር ለሙሉ ስም የተሰጠው ቦታ 39 ነው። ከዚያ ላይ በስሞቹ መካከል የሚገቡት ምልክቶች 3 ቦታ ይወስዳሉ። ከ38ቱ ጋር ድምሩ 41 መጣ። ሁለት ፊደል ውጭ ያድራል ማለት ነው።

እርስዎ ደግሞ ገብረሥላሴ ካልሆነ በትረማርያም ይሁን፣ የዘጌው ጻድቅ ይጠብቁት ብለው ላኩ። ቆጠርኩት። አይገርምዎትም? ልክ 39! አንድ ቦታ እንኳ ሳይተርፍ ገጠመ። በቁጥሩ አሸንፈውኛል። እሺ ያላልኩት በሌላ ምክንያት ነው።

አባዬ፣ እዚያ አገር የመካከል ስም የሚቆረጥ ስም ነው። ዋናው ይህ ስለሆነ ረጋ ብለው ይስሙኝ። ባንክ ሲሄድ፣ ሥራ ሲገባ፣ ሲፈርም፣ መሐሉ ላይ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዋ ፊደል ከነጥብ ጋር ብቻ ናት። የአውሮፕላን ትኬት ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለ ክፍተት ከፊተኛው ጋር ይለጠፋል፤ ብርሃነመስቀልበትረማርያም። ይህን የሚያነብ ሠራተኛ ይታይዎት። አቡነ በትረማርያምን ያህል ስም አንድ ፊደልና አንድ ነጥብ ሆኖ ሲቀር እርስዎ ራስዎ አይወዱትም። ለአባቱ ስምም ያው ነው። አማችዎ አልተቀየመም፤ «እኔ ልደት ሰርተፊኬቱ ላይ አባት ተብዬ እጻፋለሁ፣ ልጁን አታስጨንቁት» ብሏል። ጨዋ ሰው ነው፣ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ እዚያ ቦታ ትንሽ ስም ይቀመጥ ነው የምለው። በትረማርያም ለክርስትና ይሁን። በ40 ቀኑ ሲነሣ ቄሱን እንለምናለን፤ ማንም አይቆርጠውም፣ ማሽንም አይቆጥረውም።

«ታዲያ ባዶ ቢተዉትስ?» ይሉ ይሆናል። ይቻላል፣ ግዴታ አይደለም። ግን ልጁ ትምህርት ቤት ይገባል። መምህሯ የመጀመሪያ ቀን ብርሃነመስቀል ላይ ትደናቀፋለች። በሁለተኛው ቀን ቆርጣ «በርኒ» ትለዋለች። ከዚያ በኋላ በርኒ ሆኖ ቀረ! እዚያ በመካከል ስሙ የሚጠራ ሰው ሞልቷል። አጭር የእኛ ስም አጠገቡ ካለ ከፈለገ በእሱ ይጠራል፣ ሲያድግ ወደ ትልቁ ይመለሳል። ይህ ለእኛም አዲስ አይደለም። ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የዘውድ ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነበር። ሰው የሚጠራቸው ግን ምንትዋብ እያለ ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለሃይማኖትም ከመንገሣቸው በፊት አዳል ነበሩ።

አሁን ወደ ምርጫው። ስሙን ጮክ ብለው ከፊትና ከኋላው ጋር ይጥሩት፣ ነገሩ ያኔ ይገባዎታል። ልዑል ብለን ነበር። ብርሃነመስቀል በ«ል» ያልቃል፣ ልዑል በ«ል» ይጀምራል። ፈጠን ብለው ሲጠሩት ሁለቱ ተዋጡና «ብርሃነመስቀልዑል» ሆኑ። ተውነው።

እህቴ ካሳ ትላለች። እናታችን ካረፈች ወዲህ የመጀመሪያው ልጅ ነውና ለምን እንዳለችው ይገባኛል። የእናታችንን ስም ስትጠራ ድምፅዋ ስለተቀየረ አልተከራከርኳትም። ለእርስዎ ግን እውነቱን ልናገር፤ ልጁ በሰው ምትክ እንደመጣ እየተሰማው ባያድግ እመርጣለሁ። ቴዎድሮስም ዮሐንስም ካሳ ነበሩ እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

የእኔ ሐሳብ ጣና ነው። ብርሃነመስቀል ጣና ወልደጊዮርጊስ። «ጣ» ጠንከር ስለሚል ከፊተኛው ጋር አይዋጥም። በእነሱ ፊደል ሲጽፉትም አራት ብቻ ነው። አንድ እንከን አለው፣ የሦስቱ ስሞች መጀመሪያ ፊደላት ቢ፣ ቲ፣ ደብሊው ይሆናሉ፤ ይህን ደግሞ እዚያ ያሉ ልጆች በስልክ ሲጻጻፉ «በነገራችን ላይ» ለማለት ይጠቀሙበታል። እህቴ እስክትታመም ሳቀች። እኔ ምንም አልመሰለኝም፤ ለእሱ ሲሉ ጣናን መተው ይበዛል።

እንግዲህ ካሳ ወይም ጣና፣ አለዚያም የእርስዎ ሌላ፣ በእኛ ፊደል ከሦስት ያልበለጠ ብቻ። ከወንድ አያቱ አፍ የወጣ ስም እንዲሆን የፈለገችው እሷ ናት፣ እኔ ጸሐፊ ብቻ ነኝ። መልሱን በዚያው በጀልባው ልጅ ይላኩልኝ። ለእሑድ ከደረሰልኝ ማታውኑ እደውልላታለሁ። የመነጽርዎን ማሠሪያ አብሬ ልኬያለሁ፣ ከስኳሩ ሥር ነው።

ልጅዎ፣ ከባሕር ዳር