ያልነገርኩሽ ግማሹ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንኳን ለ23ኛ ዓመት ልደትሽ አደረሰሽ። የኔ እናት፣ ዕድሜሽን ያርዝመው። በስልክ ልልሽ ነበር። ግን ድምፅሽን ስሰማ ወይ እቆጣለሁ ወይ ሆዴ ይባባል፤ ሁለቱም ነገሬን አያስጨርሱኝም። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

አክስትሽ ቪዲዮውን ላከችልኝ። ሰሜን አየርላንድ፣ ባሊመኒ ሄደሽ የሞተር ተወዳዳሪው የጆይ ደንሎፕ ሐውልት አጠገብ ቆመሻል። ውሃው ከሄልሜትሽ ጫፍ ጠብ ጠብ ይላል። ጃኬትሽ ርሷል። አንቺ ትስቂያለሽ። እኔ ግን ያየሁት ከኋላሽ የቆመችውን ሞተር ነው። የኋላ ጎማሽን አሥር ጊዜ አቁሜ አየሁት። መሀሉ አልቋል። በዚያ ጎማ፣ በዚያ ዝናብ፣ ከቤልፋስት ባሊመኒ ድረስ! ይባስ ብለሽ ደግሞ “በሚመጣው ዓመት የመንገድ ውድድር እገባለሁ” ትያለሽ።

አስፋልት ሲረጥብ አትውጪ። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን አትርሺ።

ጆይን ያስተዋወቅኩሽ እኔ መሆኔን አውቃለሁ። ትንሽ ልጅ ሆነሽ ጋራዥ ውስጥ ባትሪ ትይዢልኝ ነበር። እኔ ሞተር ስፈታ አንቺ “የጀልባዋን ንገረኝ” ትይኛለሽ። በፈረንጆቹ 1985 ጆይ ለሞተር ውድድር ወደ አይል ኦፍ ማን ደሴት ሲሻገር የተሳፈረባት ጀልባ ሰጠመች። እሱ ተርፎ ደሴቲቱ ገባና በዚያው ሰሞን ሦስት ውድድር አሸነፈ። “ብርድ አልመታውም?” ነበር ጥያቄሽ። ሁልጊዜ ያው ጥያቄ። “አልመታውም” ስልሽ ባትሪውን ቀጥ አድርገሽ ትይዢው ነበር።

ያየሁትንም ነግሬሻለሁ። በፈረንጆቹ 2000 ዓ.ም. ጁን ወር ላይ ነው። እዚህ አገር ገና አዲስ ነበርኩ። አብሮኝ የሚሠራ የባሊመኒ ልጅ “ና አንድ ነገር ላሳይህ” ብሎ ከሊቨርፑል መርከብ አሳፈረኝ። መንገዱን ሳይ አላመንኩም። ለውድድር የተሠራ አይደለም እኮ። 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን የሰው መንገድ ነው። ቤት አለ፣ የድንጋይ አጥር አለ፣ የስልክ እንጨት አለ። ከ200 በላይ ኩርባ አለው። የሚወዳደሩት ከሰዓት ጋር ነው። አጥር ላይ ተቀመጥን። መጀመሪያ ከሩቅ ድምፅ ትሰሚያለሽ። ቀጥሎ ነፋስ ደረትሽን ይመታሻል። ከዚያ የለም። ያየሁት ቢጫ ሄልሜት ብቻ ነው። ጆይ ያኔ 48 ዓመቱ ነበር። በዚያ ሳምንት ብቻ ሦስት አሸነፈ፤ በዚያች ደሴት ያሸነፈው በጠቅላላው 26 ደረሰ። ከ1982 እስከ 1986 ደግሞ ፎርሙላ ዋን ቲቲ በሚባለው የሞተር ውድድር አምስት ዓመት ተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ነበር።

ከሁሉ የምትወጂው ግን የቫኑን ታሪክ ነበር። ቫኑን ምግብና ልብስ ሞልቶ ብቻውን ይነዳል። ሩማንያ፣ ቦስኒያ፣ አልባኒያ፣ ወላጅ አልባ ሕፃናት ወዳሉበት። ንግሥቲቱ በ1996 ኒሻን የሰጠችው ለዚህ ነው። ለውድድሩማ ቀድሞ በ1986 ተሸልሟል። ወሬ አይወድም፤ ሞተሩን ራሱ ይፈታል፣ ራሱ ይገጥማል። እኔም የወደድኩት ለዚህ ነው። መካኒክ ነው፣ የኛ ሰው ነው ብዬ።

ታሪኩ ሲያልቅ “ከዚያስ?” ስትይኝ “ከዚያማ ወደ ቤቱ ሄደ” እልሽ ነበር።

ወደ ቤቱ አልሄደም፣ ልጄ። አሁን ከስልክሽ አንብበሽዋል። ከኔ አፍ ግን አልሰማሽውም።

ያን ሦስት ውድድር ካሸነፈ አንድ ወር እንኳ አልሞላውም። ኢስቶኒያ ሄደ፣ ታሊን። በ750 ሲሲው ሞተር አሸነፈ። በ600ው አሸነፈ። ሁለቱን ትልልቆቹን ጨርሶ በ125ዋ ወጣ፤ ከሦስቱ ትንሿ እሷ ናት። መንገዱ ረጥቧል። እየመራ ነበር። ሞተሯ ከዳችውና ከመንገድ ዳር ዛፍ ጋር ተላተመ። እዚያው ሞተ፣ ጁላይ 2 ቀን። ከ30 ዓመት በላይ ሲወዳደር የኖረ ሰው ነው። አንቺ መንጃ ፈቃድ ካወጣሽ ሁለት ዓመትሽ ነው።

በማግስቱ ሰኞ ጋራዥ ስገባ ሬዲዮው ተዘግቷል። ያ የባሊመኒ ልጅ ቧንቧው ጋ ቆሞ እጁን ይታጠባል። ገና ሥራ አልጀመረም፤ እጁ ንጹሕ ነው። ሳሙናውን ደግሞ ደጋግሞ ያሻል። ምን ሆንክ አልኩት። አልመለሰልኝም። ለቀብሩ አገሩ ሄደ። ወደ 50,000 ሰው ወጥቶ ነበር። የጆይ ሚስት አምስት ልጆች ይዛ ቀረች።

እዚያው ባሊመኒ ሌላ መታሰቢያም አይተሻል። ሮበርት የጆይ ወንድም ነው፤ በ2008 ኖርዝ ዌስት 200 በሚባለው የመንገድ ውድድር ላይ ልምምድ ሲያደርግ ሞተ። የሮበርት ልጅ ዊልያም በ2018 ሞተ። የጆይና የሮበርት እህት ባል ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ፣ በ1980። አንቺ የሮበርትን ሌላ ልጅ ማይክልን ትወጂዋለሽ፤ አባቱ በሞተ በሁለተኛው ቀን እዚያው መንገድ ላይ ወጥቶ ያሸነፈውን። በ2024 የአጎቱን 26 ሲያልፍ ደውለሽ ጮኸሽብኛል። እኔ የማስበው እናቱን ነው። ባሏንም ልጇንም ለመንገድ ሰጥታ፣ ሌላው ልጇ ሲወጣ በር ላይ ቆማ የምታየውን።

አሁን ደግሞ ሌላውን ልንገርሽ። ሳሎን ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶ ታውቂዋለሽ፣ አጎትሽን። በመኪና አደጋ ነው የሞተው ብዬሻለሁ። ዋሽቼሻለሁ።

ሐምሌ ነበር፣ በኛ 1980። ተክለ ሃይማኖት አንድ ጋራዥ ውስጥ እሠራለሁ። ወንድሜ ለአንድ መሥሪያ ቤት በሞተር ደብዳቤ ያመላልስ ነበር። ረቡዕ ቀን መጣ። የኋላ ጎማው አልቋል። “ምን ይመስልሃል?” አለኝ። እኔ ምሳዬን እየበላሁ ነው። በጫማዬ ጫፍ ጎማውን ነካ አደረግኩና “እስከ ቅዳሜ ይችላል” አልኩት። ካፊያ ጀምሮ ነበር። ከእንጀራዬ ጠቅልዬ አንድ ጊዜ አጎረስኩት፤ አፉ ሙሉ እንደሆነ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ሲወርድ ጎማው ከዳው።

እስከ ቅዳሜ ይችላል። ከዚያ ወዲህ ስንት ሺህ ጎማ ቀይሬያለሁ። ደንበኛ “ትንሽ ይቆይልኝ” ሲለኝ እምቢ የምለው ገንዘብ ፈልጌ የሚመስላቸው አሉ። ለእናቴ እስክትሞት ድረስ አልነገርኳትም። ለእናትሽም አልነገርኳትም። ቪዲዮሽን ሳይ ያየሁት እሱን ነው። ሳቅሽ የሱ ነው።

ተዪው አልልሽም። ብልሽም አትሰሚኝም። የመንገድ ውድድሩ ግን ይቆይ። በዚያች ደሴት መንገድ ላይ ብቻ ከ250 በላይ ተወዳዳሪ ሞቷል። መጀመሪያ ትራክ ላይ ልመጂ። ትራክ ላይ ብትወድቂ ጠጠርና ሣር ይቀበልሻል። መንገድ ላይ የሚቀበልሽ የሰው አጥር ነው።

አስፋልት ሲረጥብ ደግሞ አትውጪ። መንገድ ላይ ከያዘሽ ነዳጅ ማደያ ገብተሽ ሻይ ጠጪ። በተለይ ዝናቡ ሲጀምር፣ ያን የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት። አቧራውና ዘይቱ ገና አልታጠበም፤ ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሳሙና ነው የሚሆነው። የተቀባውን ነጭ መስመር አትርገጪ። የቱቦ ክዳን ላይ ፍሬን አትያዢ። ኩርባ ውስጥ ገብተሽ ጋዙን በድንገት አትልቀቂ።

በአካውንትሽ ብር አስገብቻለሁ። ለሁለት ጎማ ነው፤ የፊቱም የኋላውም። ለሌላ እንዳታውዪው። ሲገጥሙልሽ አጠገባቸው ቁሚ። አዲስ ጎማ ያንሸራትታል፤ የመጀመሪያውን 150 ኪሎ ሜትር ቀስ ብለሽ ንጂ። ካቴናሽም ረግቧል፣ በቪዲዮው ይታያል። ነፋሱን ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ለኪው። የድሮውን ጎማ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ሲወጣ ማየት እፈልጋለሁ።

እናትሽ ቪዲዮውን አላየችም። እሁድ ስትደውዪ ስለ ባሊመኒ እንዳታነሺ። የአጎትሽን ነገር እኔው እነግራታለሁ፤ እስከዚያ አንቺ ዝም በዪ። ፖስታ ቤት የሚመጣልሽን ካርቶን ራስሽ ተቀበዪ። በርበሬውን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው። ጓንቱ ከሽሮው ሥር ነው፣ በጋዜጣ ተጠቅልሏል። ከጠበበሽ ሳትለብሺው መልሺልኝ፣ እቀይረዋለሁ።

አባትሽ