ለእንሽላሊታችሁ ቤት ስታዙ ስለ ወለሉ የምንጠይቀው ለምንድን ነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣

የትልቅ እንሽላሊት ቤት ልታሠሩ ስትመጡ ገና ከሰላምታው ቀጥለን «ስንተኛ ፎቅ ነው? ወለሉ እንጨት ነው ኮንክሪት?» እንላችኋለን። ጥያቄው ግራ ያጋባችሁ ብዙ ናችሁ። ምክንያቱን ለሁላችሁም በጽሑፍ ብናስረዳ ይሻላል ብለናል።

ጣጣው ያለው አፈሩ ላይ ነው። አርጃኖ የሚባለው ትልቅ እንሽላሊት ጉድጓድ ቆፍሮ ይኖራል። ለአንድ አዋቂ የሳቫና አርጃኖ ዛሬ በስፋት የሚመከረው ቤት 2.4 ሜትር ርዝመት፣ 1.2 ሜትር ስፋትና 1.2 ሜትር ከፍታ አለው። ውስጡ ደግሞ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ይገባል። ሲባዛ ከ1.7 ሜትር ኩብ ይበልጣል። እርጥብ አፈር በሜትር ኩብ አንድ ቶን ተኩል ገደማ ስለሚመዝን፣ እንጨቱና መስታወቱ ሳይቆጠር ሁለት ቶን ተኩል አካባቢ ደረስን ማለት ነው። ሳሎን ውስጥ መኪና እንደማቆም ቁጠሩት።

«ታዲያ አፈሩን ቀንሱልን» ትሉናላችሁ። አንቀንስም። አፈሩ ስስ ወይም ደረቅ ከሆነ ጉድጓዱ ይናዳል፤ እንስሳውም እርጥበት የሚያገኝበት መሸሸጊያ አይኖረውም። ወለላችሁ የማይችል ከሆነ ቤቱ ምድር ላይ ይሁን፣ አለዚያ ሌላ ዝርያ አስቡ። ለምሳሌ ኢጓና ዛፍ ላይ ነዋሪ ስለሆነ ከአፈር ይልቅ ከፍታና ጠንካራ ቅርንጫፍ ይፈልጋል። እንቁላል የምትጥል ሴት ካለች ግን መቆፈሪያ ቦታ ያስፈልጋታል።

ሁለተኛው ቅሬታችሁ «ቆያችሁብን» የሚል ነው። እውነት ነው፣ እንቆያለን። ኮምፖልሳቶ እርጥብ አፈር ከነካው ያብጣል፣ ይሻግታል። ስለዚህ አፈሩ የሚገባበትን የታችኛውን ገንዳ ኢፖክሲ የሚባል ውሃ የማያሳልፍ ቀለም ደጋግመን እንቀባዋለን። ቀለሙ ደርቆ ሽታው ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ እንስሳ አይገባበትም። እዚህ ላይ ልመናም አይሠራም!

ሙቀቱን በተመለከተ፣ አርጃኖ የሚሞቅበት ድንጋይ ላዩ 55 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያም በላይ መድረስ አለበት። ሌላው ጫፍ ግን 25 አካባቢ ይሁን። ቤቱን የምናስረዝመው እንስሳው በሁለቱ መካከል እንዲመርጥ ነው። አምፖሎቹን በሽቦ መረብ እንከልላቸዋለን፤ ካልተከለሉ ወጥቶ ይቃጠልባቸዋል። የዩቪቢ መብራቱን (እንደ ፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የሚሰጠውን) ከመስታወት ውጭ አድርጉልን የምትሉ አላችሁ፤ ተራ መስታወት ጨረሩን ስለሚያስቀረው ከውስጥ እንሰቅለዋለን። ጣሪያውንም በሙሉ ወንፊት አናደርገውም፤ ሙቀቱና እርጥበቱ በዚያው ይወጣል።

«አሁን እኮ ጣት ታክላለች» ብላችሁ ትንሽ ቤት የምታዙም አላችሁ። የምንለካው ስታድግ በሚኖራት ቁመት ነው።

ከማዘዛችሁ በፊት የቦታውን ፎቶ፣ የበሩንና የደረጃውን ስፋት ላኩልን። ቤቱን በየክፍሉ ፈታተን አምጥተን እዚያው እንገጥመዋለን። ፎቅ ላይ የምትኖሩ ደግሞ ወለሉ ስንት ኪሎ እንደሚችል መጀመሪያ የሕንፃ ባለሙያ ጠይቁ። መልሱን ሳናይ እንጨት አንቆርጥም።

ከአክብሮት ጋር
የወርክሾፑ ባልደረቦች