ክራርህን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርደው

ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ወጥቶ ጎንደር ደስ ብላለች። ትናንት ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ለሞሰብ ስፌት ስንደዶና አክርማ ገዛሁ።

ባለፈው ስትደውል «ክራሩን ቁም ሳጥን ላይ ካስቀመጥኩት ስድስት ወር ሆነኝ፤ ሥራ በዛ» አልከኝ። ቆይተህ ደግሞ ማታ ዓይንህን ስትከድን የምትሠራበት ባንክ ሒሳብ እንደሚመጣብህ ነገርከኝ። ለየብቻ ነው ያነሳሃቸው። እኔ ግን አንድ ነገር ሆነው ተሰሙኝ።

ነርስ ሳለሁ ከሌሊት ተረኝነት ወጥቼ ሞሰብ ስሰፋ ጎረቤቶች ይገርማቸው ነበር። «ቆመሽ አድረሽ ደግሞ ወስፌ?» ይሉኛል። ድካሜ የእግር ብቻ አልነበረማ። በአንድ ሌሊት ሁለት ሕፃናት አጥተን ያደርንበት ቀን ነበር። ቤት ገብቼ ልተኛ ብል እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነሳሁና አለላውን ውሃ ውስጥ ነከርኩት። እስኪለሰልስ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ መቁጠር ጀመርኩ፤ ሦስት ቀይ፣ ሁለት ቢጫ፣ ሦስት ቀይ። ከተሳሳትኩ ሐረጉ አይገጥምም፣ እተረትረዋለሁ። አንድ ዙር ሳልጨርስ ትንፋሼ ተመለሰ። ማታ ሥራ የገባሁት ሰው ሆኜ ነው።

ስፌቱ ሌላም ሰጥቶኛል። በርክክብ ጊዜ የመድኃኒት ሰዓት ይምታታብን ነበር። አንድ ቀን ሞሰቡን እያየሁ ሐሳቡ መጣልኝ። በየካርዱ ላይ ክር አሰርን፤ የጠዋት ቢጫ፣ የቀን ቀይ፣ የማታ ሐምራዊ። ስንት ስብሰባ የተቀመጥንበት ነገር በዚያ ቀለለልን።

እህትህ በስልኳ አንድ ጥናት አንብባልኛለች። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ የሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች አሉበት። ከሥራ ውጭ የፈጠራ ነገር የሚያዘወትሩ ሠራተኞች በሥራቸውም የተሻሉ ሆነው ተገኙ። የአሜሪካ አየር ኃይል መኮንኖችንም አይተዋል። ለመኮንኖቹ ነጥብ የሰጡት ራሳቸው ሳይሆኑ አብረዋቸው የሚሠሩት ናቸው። ይቺን ወደድኳት።

አንተስ ብትሆን? ክራር ስትቃኝ አንዷ አውታር ከላላች ሁሉም የተበላሸ ይመስላል። አንተ ግን ሌሎቹን ሳትነካ የላላችውን ብቻ ታጠብቃለህ። ሒሳብ አልገጥም ሲልህ የምትፈልገው ጆሮ ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጓደኞችህ «ለቲክቶክ ቅረጸው፣ ገንዘብ ሥራበት» ይሉህ ይሆናል። እኔም አንድ ዓመት የሞሰብ ትእዛዝ ተቀብዬ ነበር። ሰው ቀን እየቆረጠ ሲጠብቀኝ ወስፌው ራሱ ሁለተኛ ተረኝነት ሆነብኝ። ተውኩት። አንተም ለራስህ ብቻ ተጫወት። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ከሥራ ስትገባ፣ ስልኩን ሳትከፍት።

አዲስ አውታር በአክስትህ ልጅ ልኬልሃለሁ፣ ዳቦ ቆሎም አለበት። እሑድ ማታ ስትደውል ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውና በትዝታ ቅኝት ትንሽ ተጫወት። ጣትህ ቢደነቃቀፍም ግድ የለም። አባትህ ከአሁኑ ሬዲዮኑን እዘጋለሁ ብሏል።

እናትህ
ጎንደር