ልጄ፣ የሰው ላብ እጅህ ላይ አይደር

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እህትህ ሰላም ብላሃለች። ሐዋሳ የሳይት መሐንዲስ ሆነህ ስትመደብ እልል ብያለሁ። ግን በቀደም በስልክ ያልከኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። «የቀን ሠራተኞቹ ክፍያ ዘግይቷል፣ ትንሽ ቢታገሱ ምን አለበት» አልከኝ። በስልክ ብመልስልህ እቆጣለሁ ብዬ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልህ።

ያሳደግኩህ እዚሁ አዳማ፣ ሕንፃ በሚሠራበት አጥር ጥግ ሸራ ወጥሬ ሽሮና ፓስታ እየሸጥኩ ነው። ደንበኞቼ ከምንጃር፣ ከአርሲ፣ ከሐረርጌ የመጡ ልጆች ነበሩ። አንዱን የማዳበሪያ ዕዳ አባርሮታል። ሌላው ከወንድሞቹ ጋር ተካፍሎ የደረሰው መሬት በሬ አያዞርም። አንተ ጋ የሚመጡት ደግሞ ከወላይታ፣ ከከምባታ፣ ከሃዲያና ከሲዳማ ገጠር ናቸው። ወላይታ ሰው ብዙ፣ መሬት ጠባብ ነው። ስንፍና አይደለም ያመጣቸው።

ክፍያ ሲዘገይ ምን እንደሚሆን ከዱቤ ደብተሬ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ቁርስ ይቀራል። ቀጥሎ ለሁለት አንድ ሽሮ ያዛሉ፤ እንጀራ ጭማሪ ይጠይቃሉ፣ ወጥ ግን አይጠይቁም። ከዚያ ጭራሽ ብቅ አይሉም። ዱቤው ሲበዛ ያፍራሉ። በባዶ ሆዳቸው ባሬላ ተሸክመው የፎቁ ወለል፣ ሶሌታው ላይ ይወጣሉ። ማታ ደግሞ የመኝታ አለ። ተደራርበው የሚተኙበት ቤት የሚከፈለው በአዳር ነው፤ አከራይ «ነገ ይከፈለናል» ቢሉት አይሰማም። ያልከፈለ በረንዳ ያድራል፤ በረንዳ ያደረ ስልኩን ይሰረቃል። ስልኩ ከሄደ ገጠር ያለችው እናቱ ልጇ ይኑር ይሙት አታውቅም። እኔም ጤፍ በዱቤ የማመጣበትን ሱቅ ሸሽቼ በሌላ መንገድ እዞር ነበር።

ከመወጣጫ የወደቀውን ልጅ ታስታውሰዋለህ? ፎርማኑ «የቀን ሠራተኛ ነው፣ ውል የለውም» ብሎ ዞር አለ። ጓደኞቹ አዋጥተው በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰዱት። በኋላ ሕግ የሚያውቅ ጎረቤታችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አነበበልኝ። ለካ በቃል የተደረገም ውል ውል ነው። በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ስለ ውሉ ፈርሞ ወረቀት መስጠት አለበት። ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። የሥራ ሰዓት በቀን 8 ነው፤ ቀን ላይ ከዚያ በላይ ለተሠራው የሰዓቱ ዋጋ አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ይህን ለዚያ ልጅ ማን ይንገረው? ዋስ የለው፣ የከተማ መታወቂያ የለው፣ አማርኛውም ገና ነበር።

ገንዘቡ ያንተ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አለቃ አለብህ። ግን የደሞዝ መክፈያው ፔሮል ላይ የምትፈርመው አንተ ነህ። ሶሌታ የምትሞሉበትን ቀን ከመቁረጥህ በፊት የሲሚንቶውን ብር ታረጋግጥ የለ? የጉልበቱንም አብረህ አረጋግጥ። ነጋዴው ሲሚንቶ በዱቤ አልሰጥም ካለህ፣ የገበሬ ልጅ ጉልበቱን ለምን በዱቤ ይሰጥሃል?

ለሴቶቹ ከወንዶቹ እኩል ክፈል። ድንጋዩ ለሴት ተብሎ አይቀልም። ደላላ ከደሞዛቸው እንዳይቆርጥ ብሩን በእጃቸው ስጥ። የፋይዳ መታወቂያ የሌለው ካለ ፈቃድ ስጠውና ሄዶ ይመዝገብ፤ በእሱ የባንክ ሂሳብ ይከፍታል፣ ብሩንም ትራስ ሥር አያሳድርም። ስማቸውንም ያዝ። «አንተ ልጅ» እየተባለ የሚውል ሰው ሲጎዳ ቤተሰቡን ማን ብለህ ትፈልጋለህ?

እዚያም አጥሩ ጥግ ምግብ የምትሸጥላቸው ሴት አትጠፋም። ሂድና ስንት ዱቤ እንዳለባቸው ጠይቃት። ሂሳብ ክፍሉ የማይነግርህን እሷ ትነግርሃለች። የሷንም ዕዳ አስብ፤ ልጆች ይኖሯታል።

ቅዳሜ ማታ እደውላለሁ። መጀመሪያ የምጠይቅህ ተከፈሉ ወይ ብዬ ነው።

የምትወድህ እናትህ
ከአዳማ