ፕሮፎርማችን ለምን ከፍ አለ? ስለ ፓወር ሰፕላይና ስለ ሌሎቹ ዕቃዎች

ጥር 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከርማችኋል? ከዚህ ወር ጀምሮ በትንሽ በጀት ለምንገጣጥመው ዴስክቶፕ የምንሰጣችሁ ፕሮፎርማ ከበፊቱ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። ከኬዝ (ከኮምፒውተሩ ሳጥን) ጋር አብሮ የሚመጣውን ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለውን ዕቃ፣ መግጠም አቁመናል። «ለጊዜው እሱ ይሁንልኝ፣ ኋላ እቀይረዋለሁ» የሚለንን ደንበኛም ከእንግዲህ እሺ አንለውም። ለምን እንደዚህ እንደወሰንን ልናስረዳችሁ እንፈልጋለን። የጨመረውን ብር ከየትኛው ዕቃ ላይ ቀንሳችሁ ልታካክሱት እንደምትችሉም እንነግራችኋለን።

አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ደንበኛ አለችን። ባለፈው ዓመት ለቢሮዋ ኮምፒውተር ገጠምንላት። ብር ስላጠራት ፓወር ሰፕላዩ ከኬዙ ጋር የመጣው እንዲሆን ተስማማን። አምስት ወር ያለ ችግር ሠራ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ ከኬዙ ጀርባ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ፓወር ሰፕላዩ ብቻውን ቢቃጠል ነገሩ ቀላል ነበር፤ ግን ማዘርቦርዱንና (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ሰሌዳ) ኤስኤስዲውንም (ፋይል የሚቀመጥበትን) ይዟቸው ሄደ። ኤስኤስዲው ላይ የስድስት ድርጅቶች የፒችትሪ (የሒሳብ ፕሮግራም) ፋይል ነበር። ባክአፕ የወሰደችው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። የጎደለውን ከደረሰኝ እያየች እንደገና አስገባችው፤ ማታ ማታ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ። ዕቃውን ተክተንላታል። ያን ሁሉ ማታ ግን ልንተካላት አልቻልንም። ያኔ እሺ ማለት አልነበረብንም።

ደንበኛ ፓወር ሰፕላይ ላይ ለምን እንደሚቆጥብ ይገባናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የምንሸጠው ዕቃ ሁሉ ከውጭ የሚገባ ነው። በጀቱ ሲጠብ ሰው መጀመሪያ የሚቀንሰው የማይታየውን ነው። ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ ዋና ቺፕ) ስሙ ይጠራል፤ ሞኒተሩ ፊት ለፊት ይታያል። ፓወር ሰፕላዩ ኬዙ ውስጥ ተደብቋል።

ሥራው ግን ትልቅ ነው። ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት ይቀይራል። ጥሩ ከሆነ ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ ወይም የሆነ ቦታ ሾርት ሲፈጠር ራሱን ያጠፋል። ርካሹ ውስጥ ይህ መከላከያ ወይ የለም፣ ወይ ለስም ያህል ነው። እኛ ጋ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በአንዳንድ ሰፈር ማታ ማታ አምፖሉ ይደበዝዛል፤ ፍሪጅ ሲነሳ ደግሞ ብልጭ ድርግም ይላል። ያን ሁሉ የሚቀበለው ይኸው ዕቃ ነው።

ከእኛም ግዙ ከሌላ፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። በትልቁ «500 ዋት» የሚለውን እለፉትና +12 ቮልት የሚለውን መስመር ፈልጉ። ከሥሩ የአምፔር ቁጥር አለ። እሱን በ12 አባዙት። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ (ለሞኒተሩ ምስል የሚያዘጋጀው) በዋናነት የሚጠቀሙት ከዚህ መስመር ነው። 500 ዋት ተብሎ 12 ቮልቱ ላይ 18 አምፔር ካለ፣ 18 በ12 ሲባዛ 216 ዋት ብቻ ነው። 450 ዋት ተብሎ 37 አምፔር የሚል ካገኛችሁ 444 ይመጣል፤ ይኼ የጻፈውን የሚሰጥ ነው። «80 ፕላስ» የሚለው ምልክት ደግሞ ኤሌክትሪክ ሳያባክን እንደሚሠራ ይናገራል እንጂ ስለ መከላከያው አይመሰክርም። ወረቀትም ተመሳስሎ ይታተማል። ስለዚህ ዕቃውን በእጃችሁ መዝኑት። ርካሹ ብዙ ጊዜ ባዶ ቆርቆሮ ይመስል ቀላል ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳንናገር አናልፍም። አንዳንዱ ፓወር ሰፕላይ ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ አለው። ለእኛ አገር 230 ላይ መሆን አለበት። 115 ላይ እንዳለ ከሰካችሁት ወዲያው ነው የሚፈነዳው። ልጆች ኬዙን ሲያጸዱ ሳያውቁ ሊያንቀሳቅሱት ይችላሉ። ሶኬቱን ከመሰካታችሁ በፊት ሁልጊዜ እዩት።

ብዙ ዋትም አያስፈልጋችሁም። ግራፊክስ ካርድ የሌለው የቢሮ ኮምፒውተር ሥራ በዝቶበት እንኳ 100 ዋት አካባቢ ነው የሚወስደው። ሐቀኛ 450 ዋት ከበቂ በላይ ነው። 700 ዋት ለመግዛት ያሰባችሁትን ብር ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ላይ አውሉት። 650 ቪኤ የሚባለው ዩፒኤስ 360 ዋት ገደማ ይሰጣል። መብራት ሲሄድ ፋይላችሁን ሴቭ አድርጋችሁ ለመዝጋት ይበቃል፤ የተገዛውም ለዚያው ነው። ሌዘር ፕሪንተር ግን ዩፒኤስ ላይ አትሰኩ። ወረቀቱን ሲያሞቅ የሚስበው ኃይል ከአቅሙ በላይ ነው።

ታዲያ ብሩ ከየት ይምጣ?

በመጀመሪያ ከስም ይምጣ። ብዙ ሰው ሱቃችን ገብቶ የሚለው «ኮር አይ7 አለ?» ነው። ምን ሊሠራበት እንደሆነ ስንጠይቅ ኤክሴል፣ ፒችትሪ፣ ኢንተርኔት ይለናል። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ ጀነሬሽኑን (ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ) ጠይቁ። አይ7-4770 በ2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ ነው። አራት ኮር (የሥራ ክፍል) አለው፤ ስምንት ትሬድ፣ ማለትም ስምንት ሥራ ጎን ለጎን ያስኬዳል። አይ3-12100 በ2022 ወጣ። እሱም አራት ኮርና ስምንት ትሬድ ነው፤ ፍጥነቱ ግን አይ7 የተባለውን በደንብ ይበልጣል። በዚያ ላይ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል በኩል ከስምንተኛው ጀነሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ባለፈው ጥቅምት 4 አብቅቷል። የድርጅት ሒሳብ የሚይዝ ኮምፒውተር የደኅንነት ማሻሻያ ሳይደርሰው ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ እንዲውል አንመክርም።

አገራችን ውስጥ ሳጥኑን በሙሉ «ሲፒዩ» ማለት ስለተለመደ አንዳንዴ እንዳንግባባ ያደርገናል። እኛ ፕሮሰሰር ስንል ማዘርቦርዱ ላይ የሚቀመጠውን ትንሹን ቺፕ ብቻ ነው።

ለቢሮ ሥራ ዛሬ የምንመክረው አይ3-12100 ነው። መጨረሻው ላይ «ኤፍ» የሚል ፊደል እንዳይኖር ተጠንቀቁ። ኤፍ ያለበት ትንሽ ይረክሳል፤ ግን የራሱ ግራፊክስ የለውም። ካርድ ካልገዛችሁለት ሞኒተሩ ምንም አያሳይም። በርካታ ተማሪዎች ከሌላ ቦታ ኤፍ ያለበትን ገዝተው ገጥመው «ማዘርቦርዱ ተበላሽቷል» ብለው መጥተውልናል። ማዘርቦርዱ ደህና ነበር። በኤኤምዲ በኩል ፊደሉ ተገላቢጦሽ ነው። ራይዘን 5 5600ጂ ግራፊክስ አለው፤ ጂ የሌለው 5600 የለውም። 5600ጂ ስድስት ኮር ስላለውና ግራፊክሱም ከአይ3ው ስለሚሻል ለዲዛይን ተማሪ እሱን እናስቀድማለን።

ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ላይ ዘንድሮ በጣም ማሰብ ያስፈልጋል። ተወዷል፤ የተወደደውም እኛ አገር ብቻ አይደለም። የዓለምን አብዛኛውን የራም ቺፕ የሚያመርቱት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ናቸው። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡት ዳታ ሴንተሮች ምርቱን እየጠቀለሉት ስለሆነ ለእኔና ለእናንተ የሚተርፈው አነሰ። ማይክሮን «ክሩሻል» በሚለው ስሙ ለግለሰቦች መሸጥ እንደሚያቆም ባለፈው ኅዳር አስታውቋል። ብዙዎቻችሁ ያንን ስም ታምኑበት ነበር፤ እኛም እንዲሁ።

ስለዚህ ዲዲአር5 የተባለው አዲሱ የራም ዓይነት ካልመጣ ሞቼ እገኛለሁ አትበሉ። አይ3-12100 በዲዲአር5ም በቀድሞው በዲዲአር4ም ይሠራል፤ የሚወስነው ማዘርቦርዱ ነው። ዲዲአር4 የሚቀበል ኤች610 ማዘርቦርድ ውሰዱ። 5600ጂ ድሮውንም ዲዲአር4 ነው። አንዱ ራም በሌላው ቦታ አይገባም፤ ጥርሱ ይለያያል። ቤት ውስጥ ከአሮጌ ዴስክቶፕ የተረፈ ዲዲአር4 ራም ካላችሁ አምጡልን፣ ፈትሸን እንገጥመዋለን። ለኤክሴልና ለፒችትሪ ለጊዜው አንድ ባለ 8 ጊጋ ራም ይበቃል። ሁለተኛው ማስገቢያ ባዶ ይቆይ፤ ዋጋው ሲረጋጋ ትጨምራላችሁ። 5600ጂ ለሚወስድ ግን ይህን አንመክርም። ግራፊክሱ የሚጠቀመው ራሱን ራሙን ስለሆነ ሁለት ባለ 8 ጎን ለጎን ሲገቡለት ነው አቅሙ የሚወጣው። አንድ ባለ 16 ካደረጋችሁለት ግራፊክሱ ይጎተታል።

ኤስኤስዲ ላይም መቆጠብ ይቻላል። ሳታ የሚባለው በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያነባል። ኤንቪኤምኢ የሚባለው 3,500 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ኤክሴል ሲከፈት ግን ልዩነቱን ብዙም አታዩትም። ትልቁ ለውጥ የሚታየው ከሃርድ ዲስክ ወደ የትኛውም ኤስኤስዲ ስትሻገሩ ነው። ለሒሳብ ሠራተኛ 256 ጊጋ ይበቃል። የድሮው ሃርድ ዲስካችሁ ጤነኛ ከሆነ አትጣሉት፣ ለባክአፕ እንገጥምላችኋለን። በሚገርም ዋጋ «2 ቴራ» እየተባለ የሚሸጥ ካጋጠማችሁ ግን አትመኑ። ኮምፒውተሩ 2 ቴራ ብሎ ያነበዋል፤ እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ከዚያ በኋላ የምትገለብጡት ሁሉ ይጠፋል። እኛ የምንጠራጠረውን ዕቃ ኤች2ቴስትደብሊው በሚባል ነጻ ፕሮግራም ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልተን መልሰን እናነበዋለን። ሰዓታት ይፈጃል፤ ግን ይለያል።

ኬዝ እንደፈለጋችሁ ርካሽ ይሁን። ከፊት አየር የሚያስገባ አንድ ፋን ይኑረው እንጂ ለመብራቱና ለመስታወቱ ብር አታውጡ።

ግራፊክስ ካርድ የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት ነው። በአውቶካድ የዲዛይን ፕሮግራም የሚሣል ባለ ሁለት አቅጣጫ (2ዲ) ሥዕል ያለ ካርድ ይሠራል። ሉሚዮን የተባለውን የሕንፃ ምስል መሥሪያ ፕሮግራም የሚጠቀም የአርክቴክቸር ተማሪ፣ ቪዲዮ የሚያቀናብርና ጌም የሚጫወት ግን ይገዛል። በ2015 ዓ.ም. መስከረም መጀመሪያ ኢትሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቀር ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች በየአገሩ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ላይ ፈሰሱ። አርኤክስ 580 የተባለው ካርድ በብዛት አለበት። ሁሉም መጥፎ አይደለም። ፋኑ ሳይንቀጠቀጥ፣ ሙቀቱ ሳያሻቅብ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጫና ላይ ሲሠራ ሳታዩ ግን አትክፈሉ።

ይህ ሁሉ ተቀንሶም በጀቱ ካልደረሰ፣ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ግዙ። እኛ አንሸጥም፤ ግን ለአንዳንዶቻችሁ የሚሻለው እሱ ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3060 ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ4 ፈልጉ፤ ስምንተኛ ጀነሬሽን ስለሆኑ ዊንዶውስ 11 ይቀበላሉ። ከፋብሪካ የመጣው ፓወር ሰፕላያቸው የሚታመን ነው። ቢበላሽ ግን ገበያ ላይ ያለው ተራ ፓወር ሰፕላይ በቀጥታ አይገጥምላቸውም፤ ቅርጹም ሶኬቱም የራሳቸው ነው። ቀጭኑ ሞዴል ውስጥ ትልቅ ግራፊክስ ካርድም አይገባም። ለቢሮ ሥራ ከሆነ ይህ አይከብዳችሁም።

ከዚህ በፊት ከኬዝ ጋር በመጣ ፓወር ሰፕላይ ገጥመን የሸጥንላችሁ ደንበኞቻችን ደግሞ፣ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ድረስ አምጡልን። አዲሱን እኛ በገዛንበት ዋጋ እንሰጣችኋለን፤ ለእጅ ሥራ አናስከፍልም። የምታመጡት ኬዙን ብቻ ነው። ሞኒተርና ኪቦርድ ቤት ይቅሩ። ከመምጣታችሁ በፊት ግን ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡት። ጠዋት ካመጣችሁት ከሰዓት በኋላ ትወስዱታላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቃችሁ ሠራተኞች