ለአባቴ፦ ስለ አውሮፕላኑ

ለማከብርዎ አባቴ፣

ሰላምታዬ በያሉበት ይድረስዎ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ባለፈው በስልክ «አውሮፕላን እሠራለሁ ያልኸው እውነት ነው? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?» ብለው ሲጠይቁኝ አጥጋቢ መልስ ሳልሰጥዎ መስመሩ ስለተቋረጠ፣ ነገሩን በጽሑፍ ላስረዳዎ ወደድሁ።

እውነት ነው። ሆኖም በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። መጀመሪያ የገዛሁት አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ የእንጨት አውሮፕላን ንድፍ ብቻ ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ አንዲት እንጨት ሳልቆርጥ እርሱን ሳነብ ቆየሁ። ከዚያም ለጅራቱ መሪ የሚበቃ እንጨት ገዛሁ። መሪው ትንሽ ነው፤ ቢበላሽ የሚባክነው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በኋላ ለክንፉ የሚያስፈልገኝ ሙያ፣ መለካቱ፣ መላጉ፣ ማጣበቁና ጨርቅ ማልበሱ፣ ሁሉም በእርሱ ላይ ይገኛል። ከወር ደመወዜ ለቤት ከምልከው አንዳች አልነካሁም፤ የሚተርፈኝ ሲኖር ቀጣዩን ክፍል እገዛለሁ፣ ሳይኖር ያለኝን እንጨት እልጋለሁ።

ሞተሩን አሁን አልገዛም። ቀድመው የሚገዙ ብዙዎች ናቸው፤ ሞተሩ ግን አካሉ እስኪያልቅ ዓመታት ተቀምጦ ይዝጋል፣ ለእንጨት የሚሆነውንም ገንዘብ ይይዛል። ጊዜው ሲደርስ በአየር የሚቀዘቅዘውን የቮልስዋገን መኪና ሞተር ለአውሮፕላን እንዲስማማ አድርጎ መጠቀም የተለመደ ነው። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በዚሁ በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት፣ በርናርድ ፒተንፖል የተባለ ሰው በፎርድ ሞዴል ኤ መኪና ሞተር የምትበር ባለ ሁለት መቀመጫ የእንጨት አውሮፕላን ሠርቷል፤ በእርሱ ንድፍ ዛሬም የሚሠሩ አሉ።

ቁጠባ የማይገባበት ቦታ እንዳለ ግን እርስዎ ራስዎ ያስተማሩኝ ነው። ለክንፉ ዋና አግዳሚ የሚመረጠው ስፕሩስ የተባለው እንጨት ነው፤ ዳግላስ ፈር ክብደት ቢጨምርም ጠንካራ ስለሆነና ዋጋው ስለሚቀል እርሱን ለመጠቀም አስቤአለሁ። የትኛውም ቢሆን ቃጫው በ15 ኢንች ርዝመት ከ1 ኢንች በላይ ወደ ጎን ካዘነበለ ለአግዳሚ አይሆንም። ስለዚህ እንጨት መሸጫው ዘንድ ሄጄ ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ እያገላበጥሁ ግማሽ ቀን እቆማለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጄን እመለሳለሁ።

ኮላው ደግሞ ከሁሉ በላይ አስጨንቆኛል። በእያንዳንዱ ማጣበቅ ከዚያው ከተበጠበጠው ኮላ ሁለት ቁራጭ እንጨት አጣብቄ አስቀምጣለሁ፤ ሲደርቅ በመዶሻ እሰብረዋለሁ። የሚሰበረው እንጨቱ ከሆነ ሥራው ደኅና ነው፤ በኮላው መስመር ላይ ከተላቀቀ ግን በዚያ ቀን የተጣበቀው ሁሉ ይጣላል። ባለፈው ወር ኢፖክሲ የተባለውን ኮላ ሁለት ክፍሎች በዓይን ገምቼ ደባልቄ ነበር፤ ናሙናው በኮላው ላይ ንጹሕ ሆኖ ተላቀቀ። የሦስት ሌሊት ሥራዬን ቆርጬ ጣልሁ፤ ከዚያ ወዲህ በሚዛን ሳልመዝን አልበጠብጥም።

ስለ ደኅንነቴ ለሚጨነቁት፦ በዚህ በአሜሪካ ሕግ አንድ ሰው ለትምህርቱ ወይም ለመዝናኛው ብሎ ከአውሮፕላኑ ሥራ ከግማሽ በላይ የሆነውን በእጁ ከሠራ ያስመዘግበዋል፤ ለዚህም የየቀኑን ሥራ በፎቶግራፍና በመዝገብ እይዛለሁ። ሲያልቅ ተቆጣጣሪ ይመረምረዋል፤ ከዚያም በኋላ በተለምዶ ከ25 እስከ 40 ሰዓት ከአብራሪው በቀር ሰው ሳይሳፈርበት በተወሰነ አካባቢ ብቻ ይሞከራል። እስከዚያ ድረስ ገና ዓመታት አሉ።

ከተሰበሩት ናሙናዎች ሁለቱን፣ ደኅናውንም መጥፎውንም፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። ስብራቱን በጣትዎ ዳስሰው፣ የእንጨቱን ቃጫ አይተው፣ የሚሉኝን ይጻፉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ